ለጀርባው የተፈለገው ሰው

ፋኑሪስን ለፊቱ ብሎ የፈለገው ሰው በሕይወቱ አልነበረም። ዘንድሮ ግን ለጀርባው ተፈለገ።

ከአቴንስ የመጡ ፊልም ሠሪዎች ኒሲሮስ ደሴት ላይ ወርደው፣ የእሳተ ገሞራው ጉድጓድ ውስጥ ከጣውላ የጠፈር መርከብ ገትረው፣ ብርማ ቀለም ቀብተው፣ «ይህ እንግዲህ ሌላ ዓለም ነው» አሉ። እዚያ ከመሬቱ ቢጫ ድኝ ይፈልቃል፣ እንፋሎት ይጨሳል፣ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። የፊልሙ ዋና ተዋናይ፣ ፎቶው በየአውቶቡሱ ጎን የሚለጠፍለት ሰውዬ፣ ያንን ሽታ ሁለት ቀን ስቦ ትውከት ያዘውና «ፊቴን ቶሎ አንሡልኝና ልሂድ» አለ። ፊቱን አነሡለት፤ ሄደ። የቀረው ጀርባው ነበር። ስለዚህ ዳይሬክተሯ ሙርቶ፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ያሳጠረች፣ ስልክ ከእጇ ሲጋራ ከአፏ የማይለይ ልጅ፣ ከመንደር መንደር እየዞረች የሽማግሌ ጀርባ ፍለጋ ገባች።

እምፖሪዮስ የምትባለው መንደር የደረሰች ዕለት ፋኑሪስ በሚኬስ ቡና ቤት በር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ብቻውን መቀመጥ የእሱ ወግ ነው። ሌላው አራት ሆኖ ካርታ ሲጫወት፣ እሱ ወንበሩን ወደ ባሕሩ አዙሮ የአልሞንድ ሽሮፑን ይጠጣል።

«ጋሼ፣ እስቲ ይነሡልኝ» አለችው።

ተነሣ።

«ይዙሩልኝ።»

ዞረ።

«በቃ፣ እሳቸው ናቸው!» አለች፤ ፊቱን ገና በቅጡ ሳታየው።

ሚኬስ ከባንኮኒው ኋላ በሳቅ ሞተ። «አንተ ፋኑሪስ! ስልሳ ዓመት ፊትህን ስታሳየን ኖረህ፣ ለካ ሀብትህ ከወደኋላ ነበር!»

«አንተ ሥራህን ሥራ» አለው ፋኑሪስ። ነገሩ ግን ሆዱ ገባ። እሱ ሆድ የገባ ነገር ደግሞ መውጫውን አያውቅም። አራተኛ ክፍል ሳለ «ይህ ድንጋይ ራስ ነው፤ ወደ ድንጋዩ ላኩት» ብሎ ከትምህርት ቤት ያስወጣው መምህር ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ፋኑሪስ ግን ዛሬም በመቃብሩ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ወደ ድንጋዩም ሄደ። ከደሴቲቱ ማዶ ባለችው ትንሽ ደሴት ላይ፣ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረውን፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ነጭ ድንጋይ ሲቆፍር ዕድሜውን ጨረሰ። ጡረታ የወጣ ዕለት አለቃው በሰው ሁሉ ፊት እጁን ጨብጦ «ወንድማችን ስቴፋኖስ» ብሎ አመሰገነው። ስሙን እንኳ አያውቀውም። ያም ሆዱ ውስጥ አለ። ከሁሉ በታች ደግሞ፣ እንደ ቤት መሠረት፣ የእህቱ የካሊዮፒ ቃል ተቀምጧል። እሱን ግን ለማንም አያወራውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙርቶ መንደሩን ቡና ቤት ሰብስባ ስለ ፊልሙ አወራች። አባ ዘካርያስም ነበሩ።

«ታሪኩ የራሳችሁ ነው» አለች። «የጥንቶቹ እንዳሉት፣ መጀመሪያ ባዶ ገደል ነበር። ከዚያ ምድር መጣች። ምድር ሰማይን ወለደች። ሰማይ ደግሞ ባሏ ሆኖ፣ የወለደቻቸውን ልጆች ብርሃን እንዳያዩ ወደ ሆዷ መልሶ እየጠቀጠቀ አስቸገራት።»

«የኔ አማች ነዋ!» አለ ሚኬስ። «ሚስቴ እስካሁን ከእናቷ ቤት አልወጣችም።»

ተሳቀ። ሙርቶም ሳቀች።

«እኔ ባዶውን ገደል ጠፈር አደረግሁት። ልጆቹን አላወጣም የሚለው አባት ደግሞ የመርከቧ ማሽን ነው። ሰዎቹን በሙሉ አስተኝቶ ይዟቸዋል። የሚነቁት ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ ባልና ሚስት። ምድር በጥፋት ውሃ አልቃለች። ባዶ ኮከብ ላይ ወርደው፣ እንዴት ነው ሰው ዳግመኛ የሚበዛው ብለው ማሽኑን ሲጠይቁ፣ ያኔ ከጥፋት ውሃ ለተረፉት ለዴውካሊዮንና ለሚስቱ ለፒራ የተነገረው ቃል ይነገራቸዋል። ‹ሂዱ፤ የእናታችሁን አጥንት ወደ ኋላችሁ ወርውሩ፤ ዞራችሁም አትዩ› ይላቸዋል።»

አባ ዘካርያስ አማተቡ። «እና የእናታቸውን አጥንት ይወረውራሉ?»

«እናት የተባለችው ምድር ናት አባ። አጥንቷ ድንጋይ ነው። እሱ የወረወረው ድንጋይ ወንድ፣ እሷ የወረወረችው ሴት እየሆነ ይነሣል።»

«እኛ ሁላችን የድንጋይ ልጆች ነን በይና!» አለ ሚኬስ። «ለፋኑሪስማ ምስክር አያስፈልገውም፤ መምህሩ ድሮ መስክሮለታል!»

ቡና ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፋኑሪስ አልሳቀም። እሱ ከወሬው ሁሉ የሰማው «የእናታችሁን አጥንት» የሚለውን ብቻ ነው።

ሰው ሲበተን አባ ዘካርያስ ክንዱን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት።

«ልጄ፣ የእናትህ የማሩክላ ጊዜ ደርሷል። ከተቀበረች ሦስት ዓመት ከሞላ ሰነበተ። ዝም ያልኩህ ታመህ እንደሆነ ብዬ ነው። አሁን ግን አሮጊቷ ስታማትያ አልጋ ይዛለች፤ የመቃብር ቦታ የለንም። ለነፍሳት ቅዳሜ፣ ከጰራቅሊጦስ በፊት እናውጣት።»

«እሺ አባ።»

«ለካሊዮፒ ነግረሃታል?»

ፋኑሪስ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

«ፋኑሪስ! አጥንት የሚያጥበው የሴት እጅ ነው። ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ። ማን ሊያጥባት ነው?»

«አጥባታለሁ።»

«አንተ?» አሉና ጢማቸውን ጎተቱ። «እንግዲህ እግዚአብሔር ይጨመርበት።»

አፈሩ ጥቂት፣ ዐለቱ ብዙ በሆነበት በዚያ ደሴት ሙት ለዘላለም አንድ ጉድጓድ አይዝም። ዘመኑ ሲሞላ አጥንቱ ይወጣል፤ ዘመድ ተሰብስቦ ያያል። አጥንቱ እንደ ሰም ቢጫ ከሆነ ነፍሱ ዐርፋለች ይባላል፤ ከጠቆረ ግን የቀረ ቂም፣ ያልተፈታ ግዝት አለ ማለት ነው። ሴቶቹ በወይን አጥበው ሳጥን ውስጥ ያኖሩታል፤ ሳጥኑ የአፅም ቤቱ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ንፍሮ ይበላል፤ ሰው ይበተናል። ብቻውን እናቱን ያወጣ ሰው በእምፖሪዮስ ታይቶ አያውቅም። ፋኑሪስ የፈራው ይህንን ነው። ሚኬስ አካፋውን ይዞ፣ አባ ጥናውን ይዘው፣ እሱ ወይኑን ይዞ፣ ሌላ ማንም ሳይኖር። ፈራ፤ እህቱን ለመለመን ግን ምላሱ አልታዘዘችለትም።

የካሊዮፒ ቃል እንዲህ ነበር። ማሩክላ በየማለዳው ሰማያዊዋን መስኮት ትከፍታለች። ፋኑሪስ ማዶ ካለው የድንጋይ ማውጫ ቀና ሲል መስኮቷን ያያታል፤ ተከፍታለች፤ እናቱ ደኅና ናት፤ ሥራውን ይቀጥላል። አንድ ቀን መስኮቷ አልተከፈተችም። ባሕሩ ተቆጥቶ ነበር፤ ጀልባ አልወጣም አለ። ደወለ፤ የሚያነሣ የለም። ጎረቤት ቢልክ እናቱ አልጋዋ ላይ ዐርፋ ተገኘች። ንፋሱ እስኪበርድ እሱ ከማዶ ቆሞ የተዘጋ መስኮት ሲያይ ከረመ። የቀብሩ ዕለት ካሊዮፒ ከጎረቤቷ ደሴት ከኮስ መጥታ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ «እናቴ ብቻዋን ሞተች! ወንድ ልጇ ከማዶ ቆሞ እያያት!» አለች። እሱ አልመለሰላትም። እሷም በዚያው ወደ ኮስ፣ ወደ ዳቦ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

የፊልሙ ሥራ ቀላል መስሎት ነበር። ብርማ ካፖርት አለበሱት፤ ተዋናይቱ ኤቫንቲያ አጠገቡ ቆመች። ሰባ ያለፋት፣ ጉልበቷ የሚያማት፣ ድምፅዋ ግን ገና ቤት የሚሞላ የቲያትር ሰው ናት። ጎን ለጎን እየሄዱ፣ ጎንበስ ብለው ድንጋይ እያነሡ፣ በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ መወርወር ነው። ከኋላቸው ደግሞ ከሮድስ የመጡ ወጣቶች ግራጫ ጨርቅ ተከናንበው አመድ ውስጥ ተጋድመዋል፤ ድንጋይ ሲያርፍ አንድ አንዱ ይነሣል።

ፋኑሪስ ወረወረ። ድንጋዩ ከኋላው ዷ አለ። ዞረ።

«ቁም!» አለች ሙርቶ። «ጋሼ፣ አይዙሩ!»

እንደገና። ወረወረ፤ ዷ አለ፤ ዞረ።

«ጋሼ ፋኑሪስ! አይዙሩ ተባሉ እኮ! ታሪኩ በሙሉ አለመዞር ነው!»

ምን ያድርግ? ድንጋይ ማውጫ ያደገ ሰው ከኋላው ድንጋይ ሲወድቅ ካልዞረ ይሞታል። ሳይዞሩ የቀሩ ሰዎች ስማቸው ማዶ ከዐለቱ ላይ ተቀርጾ አለ። አንገቱ ይህን ያውቃል፤ አንገቱን ማን ያስተምረዋል? ቀኑን ሙሉ ሲወረውርና ሲዞር ዋለ። ወጣቶቹ እንደ አዲስ እየተጋደሙ አጉረመረሙ። አንዱማ «ሰውዬው ልጆቹን ሊቆጥር ነው እንዴ?» ብሎ አሳቃቸው። ያም ሆዱ ገባ።

ምሳ ላይ ኤቫንቲያ አጠገቡ ተቀመጠች። የሽንብራ ጥብስ በወረቀት ይዛለች፤ አቀበለችው።

«አንቱ ማለት ይቅር፣ እኩያ ነን» አለችው። «እስቲ ንገረኝ፤ እውነት አንድ ሰው መጥቶ የእናትህን አጥንት ወርውር ቢልህ ምን ትለው ነበር?»

ፋኑሪስ ለሰው የሚያወራ አልነበረም። ግን ሴትዮዋ ስትጠይቅ ዓይን ዓይኑን ታያለች፤ እንደዚያ ያየው ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

«የእኔ እናት ቅዳሜ ትወጣለች» አላት። «ለመወርወሩ እንኳ መጀመሪያ የሚያጥባት ያስፈልጋል። ብቻዬን ነኝ። አጥንቷን ይዤ ቆሜ፣ ‹ለማን ላቀብለው?› እላለሁ። እንጂ መወርወር…» ትከሻውን ነቀነቀ። «ለማን ልወረውር?»

ኤቫንቲያ መብላቷን ተወች። ሙርቶ ከመርከቧ ጥላ ሥር ሲጋራዋን ይዛ ቆማ ነበር፤ ስትሰማ አላያትም።

በማግስቱ ሲመጣ መርከቧ ደጃፍ ላይ የቆርቆሮ ሳጥን ተቀምጦ አገኘ። ልክ የአፅም ቤቱን ሳጥን ይመስላል። ክዳኑ ላይ መስቀል፣ ከመስቀሉ ሥር «እናት» ተብሎ ተጽፎበታል። ሲከፍተው ከፕላስተር የተሠራ አጥንት ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

ሙርቶ ፊቷ በርቶ ወደ እሱ ሮጠች። «ጋሼ! ትናንት ያሉት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሽማግሌው የእናቱን አጥንት ከጠፋችው ምድር ይዞ ነው የሚመጣው! ማሽኑ ‹ወርውር› ሲለው፣ መጀመሪያ ድንጋይ ትዝ አይለውም፤ ይህ ሳጥን ነው ትዝ የሚለው። ይከፍተዋል፤ አውጥቶ ይይዘውና ‹ለማን ላቀብለው?› ይላል። አሁን ነው ፊልሙ ነፍስ የዘራው!»

«በማን ነፍስ?» አለ ፋኑሪስ።

ክዳኑን መለሰበት።

«እኔ እናቴን ከመቃብር ሳላወጣት እናንተ አወጣችኋት። ይህን የሚለውስ ማነው? የእኔ አፍ ነው? አይደለም፤ ያ ትውከት የያዘው ሰውዬ ነው! ፊቱን መልሳችሁ ታመጡና በእኔ ቃል ያለቅሳል፤ አቴንስ ደግሞ አብሮት ያለቅሳል። እኔ ጀርባ ነኝ!»

«ጋሼ፣ መጠየቅ ነበረብኝ…»

«ነበረብሽ» አለና ካፖርቱን አውልቆ ሳጥኑ ላይ ጥሎ ሄደ።

ወደ መንደሩ በሚወጣው መንገድ ላይ ዐለት ተደግፎ ተቀመጠ። ከሥሩ መሬቱ ጉርር አለ። የደሴቲቱ ሰው እንዲህ ሲሆን «ግዙፉ ተገላበጠ» ይላል፤ ጥንት የባሕር አምላክ ተራራ ቆርሶ የጫነበት ግዙፍ እዚያ ሥር ስላለ። ፋኑሪስ ያን ግዙፍ የሚያውቀው ያህል ይሰማዋል። አንዴ የተጫነብህን ማን ያነሣልሃል? መገላበጥ ብቻ ነው።

ኤቫንቲያ ጉልበቷን ይዛ እያነከሰች ወጣች። እንደለበሰች ነው፤ ብርማ ካፖርት፣ አንገቷ ላይ የፕላስቲክ ቱቦ።

«እንደ ተበላሸ ፍሪጅ መስያለሁ አይደል?» አለች።

ሳይወድ ፈገግ አለ።

«ልጅቱ ቀማኛ ናት» አለች ተቀምጣ፤ «ሙያው ነው፤ እኛ ሁላችን ቀማኞች ነን። እኔ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው የመጣሁት። እህት አለችህ ብለውኛል።»

«ማን አለ?»

«ያ ባለ ቡና ቤት ሳይጠየቅ ይናገር የለ? ቀኑን ነግረሃታል?»

«ልማዱን ታውቃለች። ከፈለገች ትጠይቅ።»

«ነግረሃታል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ታዲያ እኔ ልለምናት?» ድምፁ ከፍ አለ። «በሰው ፊት የተናገረችኝን ታውቂያለሽ? እሷ ናት መጥታ ደጄን የምትመታ!»

ኤቫንቲያ ከመሬት አንድ ነጭ ድንጋይ አንሥታ በእጇ ትመዝነው ጀመር።

«ወንድም ነበረኝ» አለች። «በውርስ ቤት ተኳርፈን ነበር። እኔ ለቲያትር ሰሎኒካ ከተማ ሳለሁ የእናቴ ዘመን ደረሰ። ወንድሜ ቀኑን ሳይነግረኝ አወጣት። ብቻውን አወጣት፤ ማን እንዳጠባት አላውቅም። ‹ከፈለገች ትጠይቅ ነበር› አለ አሉ። እኔም ምን አደረግሁ? ዳግመኛ አላናገርኩትም። እሱም ሞተ። አሸነፍሁት እንግዲህ።»

ድንጋዩን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ወረወረችው። ድንጋዩ ቀላል ስለሆነ ሲያርፍ ድምፁ እምብዛም አልተሰማም። ፋኑሪስ ግን ዞረ።

«አየህ፣ ትዞራለህ» አለችው። «ለድንጋይ ትዞራለህ።»

ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላለችውም። ተነሥታ እያነከሰች ወረደች።

ፋኑሪስ ወደ ቤቱ አልሄደም። በአውቶቡስ ወደ ማንድራኪ ወደብ ወርዶ፣ የኮሱ ጀልባ እስኪያራግፍ ቆየ። ገመድ የሚጥለውን ሰው ያውቀዋል፤ ድሮ ማዶ አብረው ቆፍረዋል።

«ኮስ ዳቦ ቤት ያላትን ካሊዮፒን ታውቃታለህ?»

«እህትህን? እንዴት አላውቃት፤ ዳቦዋን አይደል የምበላው።»

«‹ቅዳሜ ጠዋት› በላት።»

«ምኑ?»

«እሷ ታውቃለች።»

«ሌላስ? ሰላምታ እንኳ የለም?»

«ሌላ የለም» አለ። ሌላ ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር፤ አልመጣለትም።

ሰውዬው ይንገራት ይርሳው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ሄዶ እንዳይጠይቅ ኩራት ያዘው።

በማግስቱ ወደ እሳተ ገሞራው ጉድጓድ ተመለሰ። የጀመሩትን ጥሎ መሄድ አልለመደም። ሙርቶ እንዳየችው ተነሥታ ቆመች።

«ሳጥኑን አስወጣዋለሁ ጋሼ። በአንድ ቃልዎ።»

ፋኑሪስ ሳጥኑን አየው። ከዚያ ወዲያ ማዶ ወጣቶቹ አመድ ላይ ሲጋደሙ አየ። «እናት» የሚለው ጽሑፍ በቀለም የተሠራ ነው፤ ትናንት ዝናብ ጠብ ብሎበት አንዱ ፊደል ወርዷል።

«ተይው» አለ። «አንዴ ወጥቷል። ቅዳሜ ግን የለሁም።»

«አውቃለሁ። እኔ… ካሜራ ሳልይዝ ብመጣስ? ራቅ ብዬ ብቆም?»

«እንዳትመጪ።»

«እሺ ጋሼ።»

ያን ቀን አልዞረም። እንዴት እንደሆነ እሱም አያውቀውም። ኤቫንቲያ በካሜራ እንዳይታይ የካፖርቱን እጅጌ በሁለት ጣቷ ያዘች፤ «ከኋላህ ያለውን እኔ እጠብቅልሃለሁ፤ አንተ ሂድ» አለችው። ወረወረ። ከኋላው ዷ አለ። የአንገቱ ሥር ተወጠረ፤ ግን ሄደ። ጎንበስ አለ፤ ሌላ አነሣ፤ ወረወረ። ከኋላው ሰው ሲነሣ ይሰማዋል፤ አመድ ሲራገፍ፣ ወጣት ሲተነፍስ፣ ባዶ እግር መሬት ሲረግጥ። አንድ ሰው፣ ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ብዙ። ሕዝብ ከኋላው ቆሟል፤ እሱ የወረወራቸው ናቸው። ማንንም አላየም። ፊቱ ያለው ቢጫ መሬትና እንፋሎት ብቻ ነው።

«ቁም! ወርቅ! ወርቅ ነው ጋሼ!» ብላ ሙርቶ ጮኸች።

ያኔ ዞረ። ወጣቶቹ ጨርቃቸውን ጥለው ወደ ጥላው ሄደዋል፤ ውሃ ይጠጣሉ፣ ስልካቸውን ያያሉ። አመዱ ላይ የቀረው የሰው ቅርጽ የያዘ ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፤ መካከሉ ላይ ነጫጭ ድንጋዮች ተበትነው።

ቅዳሜ ማለዳ ሚኬስ ሲቆፍር አንዲት ቀልድ አልወጣችውም። የቡና ቤቱ ጌታ የመቃብር ቆፋሪም ነው፤ አካፋ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። አባ ዘካርያስ ጸሎቱን ይዘዋል። ፋኑሪስ ሰፌድ የሚያህል ገንዳ፣ ሁለት ጠርሙስ ወይን፣ ነጭ ጨርቅና ከጥድ ያሠራውን ሳጥን ይዞ፣ ጀርባውን ለመቃብሩ ግቢ በር ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ ተንበረከከ። ንፍሮውን ማንም ስላልቀቀለለት ራሱ ቀቅሎት ነበር፤ ትንሽ ጠንክሯል።

ከታች የአውቶቡሱ ሞተር ተሰማ። ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። መንደሩ መታጠፊያ ላይ ዝም አለ። ከዚያ እንደገና ተነሥቶ ወደ ቀጣዩ መንደር ወደ ኒኪያ አለፈ። ሰው ወርዶ ይሁን፣ ሾፌሩ ሲጋራ ለኩሶ ይሁን፣ ማን ያውቃል?

«ደረስኩባት» አለ ሚኬስ በዝግታ። አካፋውን ጥሎ በእጁ መጥረግ ጀመረ። በመጨረሻም ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ቀና አለ። «ቢጫ ናት፣ ፋኑሪስ። እንደ ሰም። ዐርፋለች እናትህ።»

«ተመስገን» አሉ አባ።

ሚኬስ የመጀመሪያውን አጥንት አቀበለው፤ የክንድ አጥንት ነው። ፋኑሪስ በሁለት እጁ ተቀበለ። ወይን አፈሰሰበት። እጁ ድንጋይ የለመደ እጅ ነው፤ ያለሰለሰ መስሎት አጠበቀው፤ ደንግጦ ሲለቅ ሊያመልጠው ምንም አልቀረውም። ወይኑ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ። አባ ወደ ሌላ አዩ። የሴት እጅ ያሉት እውነታቸውን ነው።

ያኔ ከኋላው ጠጠሩ ኮሽ አለ።

ርምጃ ነው። በሩ ጋ ቆመ። ከዚያ እንደገና ኮሽ አለ፤ ቀረበ። የፋኑሪስ አንገት ሥሩ ተገተረ። ሙርቶ ናት፤ ካሜራዋን ይዛ። ወይም ኤቫንቲያ ናት፤ ያቺ ደግ ሴት አዝናለት። ወይም የአሮጊቷ ስታማትያ ልጅ ናት፤ ጉድጓዱ መልቀቁን ልታይ። ቢዞር ያውቃል። ቢዞርና እሷ ባትሆንስ?

አልዞረም። አጥንቱን በግራ እጁ ይዞ፣ ክንዱን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ዘረጋ። ለጥቂት ጊዜ የሚቀበለው አልተገኘም። ሚኬስ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ አየና መልሶ አቀረቀረ።

ከዚያ ክብደቱ ከእጁ ላይ ተነሣ።

አንዲት ሴት ከጎኑ ተንበረከከች። ፊቷን አላየም፤ ያየው እጇን ነው። የአውራ ጣቷ ጥፍር ከመካከሉ የተሰነጠቀ ነው፤ በልጅነቷ ያቺ ሰማያዊ መስኮት ተዘግታባት የተሰነጠቀ፣ ዳግመኛ ያልገጠመ። አጥንቱን ገንዳው ውስጥ አኑራ፣ እንደ ሕፃን ክንድ በቀስታ ታሽ ጀመር። ከእጅጌዋ የዳቦ ሽታ ይመጣል።

«ወይኑ ትንሽ ነው» አለች ካሊዮፒ።

«ሌላ ጠርሙስ አለ። ከሳጥኑ ኋላ።»

እሱ እያቀበለ፣ እሷ እያጠበች፣ ሚኬስ እያወጣ፣ አባ እየደገሙ ሄዱ። የራስ ቅሉ ሲመጣ ካሊዮፒ በሁለት እጇ ተቀብላ ግንባሩን ሳመች። ለእሱም ዘረጋችለት፤ እሱም ሳመ። ሳጥኑ ሲሞላ ነጩን ጨርቅ አለበሰችው። ከንፍሮው አንድ እፍኝ ወስዳ ቀመሰች።

«አልበሰለም።»

«አውቃለሁ።»

በላችው ግን።

ሳጥኑን መደርደሪያው ላይ ካኖሩት በኋላ በሩ ጋ ቆሙ። አባና ሚኬስ ዘወር አሉላቸው። ካሊዮፒ ከእጇ ላይ የወይኑን ቀለም ትፈገፍጋለች።

«ቤት አትገቢም?»

«የከሰዓቱ ጀልባ አለ። ሊጡ ይጠብቀኛል።» ወደ መንደሩ አየች። «ከአውቶቡሱ ሳየው መስኮቱ ዝግ ነው።»

«ማን ይከፍተዋል?»

ካሊዮፒ ፊቷን ወደ ማዶ፣ ወደ ነጩ የድንጋይ ክምር መልሳ፣ «ለአንተ ብላ እንደምትከፍተው ነግራኝ ነበር» አለች። «ከማዶ እንደምታየው።»

ፋኑሪስ ጠበቀ። ቀጣይ ቃል ያለ መስሎት ነበር። አልነበረም። እሷ ቦርሳዋን አነሣች፤ ራስ መሸፈኛዋን አጠበቀች፤ ወደ አውቶቡሱ መታጠፊያ ወረደች። ከታች ዞራ አላየችም። እሱም አልተከተላትም፤ አንገቱ ግን እስክትሰወር ድረስ ወደ እሷ እንደዞረ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ከእሳተ ገሞራው ጉድጓድ መዶሻ ይሰማል፤ ፊልም ሠሪዎቹ መርከባቸውን እያፈረሱ ነው። ፋኑሪስ ወደ እናቱ ክፍል ገባ። የመስኮቱ መዝጊያ ዝጎ ነበር፤ በጡጫ መትቶ አላቀቀውና ከፈተው። ንፋስ ገባ። ማዶ ነጩ ድንጋይ ተቆልሎ ይታያል። እሑድ ነው፤ እዚያ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የለም። ቢሆንም አልዘጋውም።